ሳይጠሩት የቀረ ሰው

ሰኞ፣ የካቲት 2። ማታ

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ። ፖሊስ ጣቢያ ተረኛ ነበርኩ፤ እግሬ አልቋል። ጠዋት ሁለት የባጃጅ ሹፌሮች በወረፋ ተጣልተው መጡ። አስታረቅኳቸው። አንዲት ሴት ባሏ መትቷት ዓይኗ አብጦ መጣች፤ ክሰሽው ብላት እምቢ አለች። ተናደድኩ። ሻይ ጠጣሁ። አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ የጋፋት ሰዎች መጡ። የአገሬ ሰዎች። በማኅበር የገዙት የውሃ መሳቢያ ሞተር ትናንት ሌሊት ከወንዙ ዳር ተሰርቋል። ድንቹ ገና አላፈራም፣ ነጭ ሽንኩርቱም ገና ነው። በዚህ ፀሐይ ውሃ ካላገኘ ሁሉም ይደርቃል። አንዱ ሲናገር ድምፁ ተቆረጠ። ትልቅ ሰው ነው። እንዳያፍር ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

አዛዡ ጉዳዩን ለኔ ሰጠኝ። አገርሽ ስለሆነ ሰው ያናግርሻል አለ። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ። እዚህ ግን "እሱ" ነው። ደብተሩ የኔ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

እስከ መገንጠያው በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ንፋሱ ከጉና ተራራ እየመጣ ጆሮ ይቆርጣል። ሞተሩ የታሰረበት ሰንሰለት በብረት መጋዝ ተቆርጧል። የጋሪ ጎማ ምልክት ከወንዙ ይነሳና አስፋልቱ ላይ ይጠፋል። እንግዲህ እዚያ መኪና ጠብቆታል ማለት ነው። መኪና ላይ የወጣ ሞተር ደግሞ ጋፋት አይቀመጥም።

ለአዛዡ ይህንኑ ነገርኩት። ወረታ ሄጄ አሮጌ ፓምፕ የሚጠግኑትንና የሚሸጡትን ላናግር አልኩ። ነዳጅ የለም አለ። በሚኒባስ፣ በራሴ ወጪ እሄዳለሁ አልኩ። ሰው የለም፣ ጣቢያውን ማን ይጠብቅ አለ። ጣቢያውን ማን ይሰርቀዋል? (ይሄን አላልኩትም። ለአንቺ ብቻ ነው።)

ረቡዕ፣ የካቲት 4። ከምሽቱ 2 ሰዓት

አዛዡ መፍትሔ አግኝቷል። ነዳጅ የማይፈጅ። ነገ አቦ ነው፤ በሬ አይጠመድም፣ ሰው ሁሉ ቤቱ አለ። ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ያውጡ፣ አንቺ የፖሊስ ልብስሽን ለብሰሽ ከአጠገባቸው ተቀመጭ፣ ማንም እንዳይነሳ አለኝ።

አንቺ ወረቀት ስለሆንሽ አውጫጭኝን አታውቂውም። የመንደሩ ወንድ ሁሉ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። ሌባው እስኪታወቅ ማንም ቤቱ አይሄድም። ያየ ወይም የሰማ ሰው ለሽማግሌዎቹ በድብቅ ይነግራል። ስሙ አይጠራም፤ "ወፍ" ነው የሚባለው። ሽማግሌው ይነሳና ወፏ እንዲህ አለች ይላል። ወፏ ማን እንደሆነች ላያወጣም ይምላል። የጋፋት ዋና ሽማግሌ አባየ ናቸው። የኔው አባት።

መጥፎ ነው አልልም። ልጅ ሆኜ የጠፉ በሬዎች በዚሁ ሲገኙ አይቻለሁ። ግን ሽማግሌ ሲያስቀምጠኝ ሌላ ነው፤ ደስ ካላለኝ ጋቢዬን አራግፌ እነሳለሁ፣ ቢበዛ እወቀሳለሁ። ፖሊስ ከአጠገቡ ቆሞ ሲያስቀምጠኝ ግን ታስሬያለሁ። ምንም የማልጠረጥረውን ሰው፣ ያውም መንደር ሙሉ፣ የማስቀምጥበት ሥልጣን የለኝም አልኩት። ሳቀ። ይኼ ኮሌጅ የተማርሽው ነው፣ እዚህ ሌላ ነው አለ።

እሄዳለሁ። ዘብ ልቆም ግን አልሄድም።

ሐሙስ፣ የካቲት 5። ማታ

 

ከቅዳሴ በኋላ ወንዱ ሁሉ ወይራው ሥር ተቀመጠ። አባየ በትራቸውን ተደግፈው ሳይጀምሩ እኔ ተነሳሁ። ጮክ ብዬ፦ መሄድ የሚፈልግ መሄድ ይችላል፣ እኔ ማንንም ለመያዝ አልመጣሁም አልኩ። ሁሉም አባየን ያያሉ፣ አባየ እኔን ያያሉ። ኋላ አንዱ ላሜ ልትወልድ ነው ብሎ እጅ ነስቶ ሄደ። ሰው ሳቀ። አባየ አልሳቁም።

ሽማግሌዎቹ ከድንጋይ ካቡ ኋላ እየሄዱ አንድ በአንድ ሰው አነጋገሩ። ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። በመጨረሻ አባየ ተነሱና ወፏ ሌባው ከዚህ ከተቀመጠው ውስጥ የለም ብላለች አሉ። ያልመጣው ይፈለግ። ሰው ሁሉ ዞር ዞር አለ። ማን ቀረ? ማን ቀረ? ከዚያ ከኋላ አንዱ "ደሴ!" አለ። ጉርምርምታ ተነሳ። ከመጀመሪያውም ያሰቡት እሳቸውን የነበረ ይመስላል። አባየ በትራቸውን መሬት ላይ መቱና እንግዲያው ደሴ ነው አሉ። አለቀ።

ጋሽ ደሴ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። የጋፋትን ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ሁሉ የሚሠሩት እሳቸው። ቤታቸው ግን ማንም እህል አይቀምስም። ዓይናቸው ይበላል ይባላል፤ ልጆች ሲያልፉ ፊታቸውን ይሸፍናሉ። ጋፋት አምባ ላይ ድሮ ለንጉሥ መድፍ ተሠርቷል እያልን ለእንግዳ ሁሉ ደረታችንን እንነፋለን። ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ግን አጠገባችን አናስቀምጥም። አሁን ደግሞ ብረት ያውቃል፣ ሞተሩን ፈታትቶ ሸጦታል ይላሉ። የጋሪው ጎማስ? ማንም አልጠየቀም።

ለአዛዡ ደወልኩ። ያዥው አለ። መጀመሪያ ልጠይቃቸው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ስልክ ዘጋሁበት!

ዓርብ፣ የካቲት 6

ጋሽ ደሴ ቤት ሄድኩ። ወናፋቸው አጠገብ ነበሩ። እንደምን አደሩ ስላቸው ኋላቸውን ዞረው አዩ፤ ሌላ ሰው የመጣ መስሏቸው። በዚያ መንደር ሽበታም ሆነው እንኳ "አንተ" ነው የሚባሉት። አፈርኩ።

ትናንት ለምን ቀሩ አልኳቸው። መዶሻውን አስቀመጡ። ማን ጠራኝ አሉ። ይኸው ነው መልሳቸው። ስለ አውጫጭኙ የሰሙት ሰው ከተበተነ በኋላ ነው። ሚስታቸው እትየ ማሬ ሸክላ ትሠራለች፤ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆኖ ወጣች። ለእኛ ጥሪ መጥቶ አያውቅም፣ ለቅሶ እንኳ ስንሄድ ዳር ነው የምንቆም፣ አንቺ የሽማግሌው ልጅ ሆነሽ ይኼን አታውቂም? አለችኝ። አውቃለሁ። አስቤበት ግን አላውቅም።

ከዚያ ይርጋን ፈለግሁ። ለስብሰባ ሰው የሚጠራው እሱ ነው፤ ከቤት ቤት እየዞረ። ረቡዕ ማታ የት የት ሄድክ አልኩት። ደስ ብሎት ቆጠረልኝ፤ አንድም በር አላለፍኩም አለ። ጋሽ ደሴስ? ዓይኑን አፈጠጠ። እሱን ደግሞ ለምን እጠራዋለሁ፣ እነሱ ይጠራሉ እንዴ? አለኝ። ክፋት የለበትም እኮ! የተናገረው ለራሱ እንኳ አልተሰማውም።

ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ እንባዬ። ስለማይጠራ አልተጠራም። ስላልተጠራ አልመጣም። ስላልመጣ ሌባ ነው።

ተመልሼ ይኼን ሁሉ ለአዛዡ ተናገርኩ። ሕዝቡ ፈርዷል አለ። ዲሞክራሲ፣ ዲሞክራሲ ትያለሽ፣ ይኼው ሕዝቡ ራሱ መረጠልሽ አለ። ደሴም ሕዝብ ነው አልኩት። ደግሞስ ብዙ ሰው የጠቆመውን ማሰር ከሆነ ሥራችን፣ እኛ ለምን ደመወዝ እንበላለን? የሚነሳ እጅ የሚቆጥር ሰው ይበቃል። እንድወጣ ነገረኝ። ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

አዛዡ ራሱ ሄደ። ሁለት ፖሊስ በፒካፑ ጭኖ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያተኛው በሚያልፍበት መንገድ። የፍ/ቤት ትእዛዝ የለ፣ ምን የለ። ቤታቸውን በረበሩ። ሞተር የለም። ለመድረቅ የተደረደረ የእትየ ማሬ ሸክላ ላይ በቦት ጫማ ተራመዱበት። ጋሽ ደሴን በመንደሩ መሀል አሳልፈው አመጡ። ሰው በየደጁ ቆሞ አየ። አንዳንዱ እልል አለ ይባላል። እልል ያለውን ባውቀው!

ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ አገኘኋቸው። መናገር አይገደዱም፣ ዝም ቢሉም ጥፋተኛ አያሰኝዎትም፣ ሰኞ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ አልኳቸው። ሕጉ የሚለውን ነው ያልኩት። ለኔ ነው ይኼ ሕግ? አሉኝ። ለእርስዎም ነው አልኳቸው። አላመኑኝም። ልፈርድባቸው አልችልም።

አዛዡ ጠራኝ። መርማሪዋ አንቺ ነሽ፣ ሰኞ ችሎት ቆመሽ ለተጨማሪ ምርመራ አሥራ አራት ቀን ጠይቂ አለ። ምን ልመረምር? ወፏን? እሺም እምቢም አላልኩ። እዚህ ግን እልልሻለሁ፦ እምቢ።

እሑድ፣ የካቲት 8። ቅበላ

አባየ ከተማ መጡ። ቅበላ ነውና ሥጋ ይዘውልኛል። አልቀመጥም አሉ። በሩ ላይ እንደቆሙ፦ ነገ ፍርድ ቤት ቆመሽ ልታዋርጂኝ ነው ይባላል፣ በእኔ አፍ የወጣ ቃል ነው፣ ልጀ ነሽ ብየ ነው የመጣሁ አሉ።

ወፏ ማን ናት ብዬ አልጠይቅዎትም፣ መሐላዎን አላስፈርስም አልኩ። አንድ ነገር ብቻ፦ ወፏ "ደሴ" ብላለች?

 በትራቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወሩ። ከዚያ፦ አላለችም። ያየሁት ሰው ከዚህ የለም ነው ያለች፣ የቀረው ደሴ ሆነ አሉ። ስለ ይርጋ ነገርኳቸው። አንድ በር ብቻ እንደዘለለ፣ የማን በር እንደሆነ። አልተጠራም? አሉ። ሁለት ጊዜ። አልተጠራም? አባየ አውቀው አይደለም፤ ይኼን ልምልልሽ እችላለሁ። ለካ እሳቸውም ያ ቤት መኖሩን ረስተውታል። አውቆ ከማጥፋት ይሻላል ይባል ይሆናል። እኔ ግን የባሰ መሰለኝ፤ አልኳቸውም። ተቆጡ። አንቺን ማስተማሬ አሉና ሳይጨርሱ ሄዱ።

ሥጋው እንዳለ ነው። አልበላልኝም።  አባቴን እወዳቸዋለሁ እኮ።

ሰኞ፣ የካቲት 9። ከሰዓት

የዐቢይ ጾም ገባ። ችሎት ቆምኩ። አዛዡ ከኋላ ተቀምጧል፤ ማስነጠሱ ሳይቀር ይሰማኛል። ዳኛዋ ፖሊስ የሚያቀርበው ማስረጃ ምንድን ነው አለች።  የለንም አልኩ። ተጠርጣሪው የተጠረጠሩት ስብሰባ ቀርተዋል ተብሎ ነው፣ ለስብሰባው ግን ማንም አልጠራቸውም፣ ቤታቸው ተፈትሾ የተገኘ ነገር የለም፣ ቀጠሮ አልጠይቅም፣ ይለቀቁ። ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። እንዲህ የሚል ፖሊስ ያየች አይመስለኝም። ተለቀቁ።

ጣቢያ ስንደርስ አዛዡ አልጮኸም፤ ከመጮህ የባሰ ነው። ከነገ ጀምሮ በር ላይ ነሽ አለ። ጥበቃ። ጥሩ! በር ላይ ቆሜ ማን እንደሚገባ፣ በምን ምክንያት እንደሚገባ አያለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

በር። ብርድ። በር። ባልደረቦቼ ሰላም ይሉኝና ቶሎ ያልፋሉ። አንዷ ብቻ ሻይ አመጣችልኝ። ትናንት እረፍቴ ነበር፣ ወረታ ደርሼ መጣሁ። አንድ ጠጋኝ የማያውቃቸው ሰዎች እንዲህ ያለ ሞተር ሊሸጡለት መጥተው እንደነበር ነገረኝ፤ ለወረታ ፖሊስ ጣቢያ አስታወቅሁ። ሌባው እስካሁን አልተያዘም። ይኼ ያንገበግበኛል። ጋፋቶች በጀሪካን እያመላለሱ ነው የሚያጠጡት።

ረፋድ ላይ እትየ ማሬ መጣች። አመስጋኝ መስላኝ ፈገግ አልኩላት። ሞኝ! ከገበያ ሸክላዋን መልሳ መምጣቷ ነው፤ ማንም አልገዛትም። ማረሻ የሚያመጣም የለም። ልጆች ጣራቸው ላይ ድንጋይ ይወረውራሉ። በመኪና ወስዳችሁ በእግሩ ለቀቃችሁት አለችኝ። ሲታሰር አገር አየው፣ ሲፈታ ማን አየ?  ሸክሟን ላግዝሽ ስላት እምቢ አለች።

አዛዡ ቢሮ ገባሁ፣ ሳልጠራ። መንደሩ ድረስ ሄደን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ፖሊስ ተሳስቷል፣ ይቅርታ እንበል አልኩት። ፖሊስ ይቅርታ ከጠየቀ ማን ይፈራዋል አለ። የልቡን ተናገረ። እሱ እንዲፈሩን ይፈልጋል። የሚፈራ ፖሊስ ወፍ ነው የሚያገኘው፤ የሚታመን ቢሆን ሰው በስሙ መጥቶ ይመሰክርለት ነበር። ያቺ ወፍ ጋሪውን አይታ ቢሆንስ? ማን ላይ እምነት ጥላ ትናገር?

ብቻዬን እሄዳለሁ አልኩት። በራስሽ ልብስ ሂጅ፣ የፈለግሽውን ቀባጥሪ አለ። በመንግሥት ልብስ ከሄድሽ ግን ወደዚህ እንዳትመለሽ።

እሑድ፣ የካቲት 15። ማታ

ነገ ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ጋፋት ታነግሣለች፤ ማንም አይቀርም። ቀኑ ነገ ነው።

ቀኑን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። በራሴ ልብስ ብሄድስ? የአባየ ልጅ መጣች ይባላል፣ ያለችውን ብላ ትሄዳለች። ጋሽ ደሴን የወሰዳቸው ግን ቀሚስና ነጠላ አይደለም። ይኼ ልብስ ነው፣ ይኼ አርማ ነው። ጥፋቱ በዚህ ልብስ ከተሠራ ይቅርታውም በዚሁ ልብስ ነው። ልብሱ ደግሞ የአዛዡ አይደለም። እትየ ማሬ ጨው በገዛች ቁጥር ከምትከፍለው ግብር የተሰፋ ነው።

ከሥራ ብባረርስ? እፈራለሁ። አልዋሽሽም። የቤት ኪራይ አለ፣ ሌላ ሙያ የለኝም። አባየ ከቅበላ ወዲህ አልደወሉም፤ እኔም አልደወልኩ። ጋፋት የምጠጋበት ቤት ይኑረኝ አይኑረኝ እንጃ። ለይርጋ ግን ነግሬዋለሁ፦ ከቅዳሴ በኋላ ለሰው የምናገረው አለኝ። ለይርጋ መንገር ለአገር መንገር ነው።

ልብሱን በካውያ ተኩሼዋለሁ። በሩ ላይ ተሰቅሏል።

ሰኞ፣ የካቲት 16። ማለዳ

ለብሼ ስጨርስ ስልክ። አባየ!

እንደምን አደርሽ እንኳ የለም። ልትናገሪ ነው ይባላል አሉ። አዎ አልኩ። በፖሊስ ልብስ? አዎ።  ከዚያ፦ ደሴ ያልሁት እኔ ነኝ፣ በትሬን የመታሁ እኔ ነኝ፣ ሰው የሰማው ከኔ አፍ ነው፣ አሁንም ከኔው አፍ ይስማ፣ ከኔ ቀድመሽ ትተነፍሽና አንተያይም አሉ። በቁጣ! ይቅርታ ሊጠይቁ ነው የሚቆጡት።

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ ግን አልተሸነፍኩም። አባየ፣ እርስዎ ስም ነው የጠሩት፣ በመኪና የወሰድናቸው እኛ ነን፣ ፖሊስ ይቀድማል አልኩ። አይቀድምም። ይቀድማል። በሽማግሌ ፊት? በሕግ ፊት! ድፍረትሽ አሉና ዘጉብኝ። ስልክ መዝጋቱን ከማን እንደወረስኩት አሁን ገባኝ።

ባጃጁ ጡሩምባ እየነፋ ነው። ቆቤን አድርጌያለሁ። ተረኛው ከበር ላይ እንዳጣኝ ለአዛዡ ደውሏል መሰለኝ፣ ስልኬ እንደገና ይጮኻል። ይጩኽ። አባየ ለቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ናቸው፣ እግራቸው ደግሞ አይቻልም፣ አሁን ካልሮጥኩ ቀድመውኝ ይቅርታ ሊ...